በሚዞር ምሰሶ ላይ ነፋስን መለካት፦ ከሸራ ጀልባ እስከ አዳማ ተርባይን

መግቢያ

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ስሙ ራሱ ስለ አየር የሚናገር ሠፈር አለ፤ አየር ጤና። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ደግሞ ቆሼ በሚል ስም የሚታወቀው የረጲ የቆሻሻ መጣያ ይገኛል። በዚህ አካባቢ ለሚኖር ሰው ነፋስ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። መስኮቱን ለመክፈትም ሆነ ለመዝጋት ጭሱ ወዴት እንዳዘነበለ አይቶ ይወስናል፤ አብዛኛውን ጊዜም አይሳሳትም። የማይሳሳተው ግን ዓይኑ ስለታም ስለሆነ ብቻ አይደለም። የቆመበት መሬት የማይዞር በመሆኑ፣ የእንጦጦ ተራራ በሰሜን፣ የወጨጫ ተራራ በምዕራብ ዘወትር በስፍራቸው ስለሚጠብቁት ነው።

ተመልካቹ የቆመበት ነገር ራሱ ቢዞርስ? ይህ ጥያቄ መጀመሪያ ሲታይ ተራ የአእምሮ ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ የምህንድስና ዘርፎች በየዕለቱ ይጋፈጡታል። አንደኛው ምሰሶአቸው የሚዞር የሸራ ጀልባዎች ዘርፍ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ኢትዮጵያ በአዳማና በአሸጎዳ የተከለቻቸው የነፋስ ተርባይኖች ዘርፍ ነው። ይህ ጽሑፍ በሚዞር አካል ላይ የተተከለ የነፋስ መለኪያ ምን እንደሚለካ፣ እንዴት እንደሚሳሳትና ስህተቱ በምን ዘዴ እንደሚታረም ያብራራል። ከባሕር የተገኘው ትምህርት በደጋው ለሚመነጨው የኤሌክትሪክ ኃይል ያለውን ፋይዳም ያመለክታል።

ጠቋሚው የሚለካው ምንን ነው?

የነፋስ መለኪያ ሁለት ሥራዎች አሉት። የመጀመሪያው ፍጥነትን መለካት ነው። ለዚህ ሥራ በስፋት የሚታወቀው፣ በአግድም ዘንጎች ጫፍ ላይ የተሰኩ ጎድጓዳ ኩባያዎች በነፋስ ኃይል የሚሽከረከሩበት መሣሪያ ሲሆን፣ አየርላንዳዊው ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1846 ያስተዋወቀው ነው። ሁለተኛው ሥራ አቅጣጫን መለየት ሲሆን፣ ይህን የሚያከናውነው ጅራቱን ነፋስ እየገፋው አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ምንጭ የሚያዞር ጠቋሚ ነው። በቅርብ ዘመን የመጡት የአልትራሳውንድ መለኪያዎች ሁለቱንም ሥራዎች ያለ ምንም ተንቀሳቃሽ አካል ይሠራሉ። ድምፅ በነፋስ አቅጣጫ ሲጓዝ ይፈጥናል፣ በነፋስ ላይ ሲጓዝ ይዘገያል፤ መሣሪያው ይህን የጊዜ ልዩነት በተለያየ መስመር ለክቶ ፍጥነትንና አቅጣጫን ያሰላል።

በሁሉም ዓይነት መሣሪያ ላይ አንድ ያልተጻፈ ግምት አለ። ጠቋሚው የሚያውቀው፣ ነፋሱ ከራሱ ከመሣሪያው የዜሮ ምልክት ጋር የሚሠራውን ማዕዘን ብቻ ነው። ሰሜን የት እንደሆነ አያውቅም። በአንድ የሜትሮሎጂ ጣቢያ ላይ ጠቋሚው «90 ዲግሪ» ሲል «ነፋሱ ከምሥራቅ ነው» ማለቱ የሚሆነው፣ የተከለው ባለሙያ የዜሮውን ምልክት አስቀድሞ በትክክል ወደ ሰሜን ስላስተካከለው ብቻ ነው። ባለሙያው በ7 ዲግሪ ቢሳሳት፣ መሣሪያው ለዓመታት የሚያቀርበው መረጃ ሁሉ በ7 ዲግሪ የተዛነፈ ይሆናል። ይህ ዓይነቱ ስህተት ቋሚ ዝንፈት ይባላል። መጠኑ አንድ ጊዜ ከታወቀ በቀላል መደመር ወይም መቀነስ ይታረማል። ምሰሶው ራሱ የሚዞር ከሆነ ግን ስህተቱ ቋሚ መሆኑ ይቀራል።

የሚዞረው የጀልባ ምሰሶ

በአብዛኞቹ የሸራ ጀልባዎች ላይ፣ በቆየው አማርኛ ደቀል የሚባለው ምሰሶ ከጀልባው አካል ጋር በጽኑ የታሰረ ነው። በአንዳንድ ፈጣን ጀልባዎች፣ በተለይም ሁለትና ሦስት አካል ባላቸው ካታማራንና ትራይማራን በሚባሉት ላይ፣ ምሰሶው በቆመበት ዘንግ ዙሪያ እንዲዞር ተደርጎ ይሠራል። ምክንያቱ የአየር ፍሰት ነው። ቋሚ ምሰሶ በሸራው ፊት ተገትሮ የነፋሱን ፍሰት ይሰብራል፣ ከኋላውም ሽክርክሪት ይፈጥራል። የሚዞረው ምሰሶ ግን ቅርጹ እንደ አውሮፕላን ክንፍ የፊት ጠርዝ ነው። ወደ ነፋሱ ሲዞር ከሸራው ጋር አንድ ወጥ ክንፍ ይሆናል፣ ፍሰቱም ሳይሰበር በሸራው ላይ ይንሸራተታል።

የነፋስ መለኪያው የሚተከለው ከሸራው ሁከት ርቆ ንጹሕ ነፋስ ለማግኘት በምሰሶው ጫፍ ላይ ነው። ምሰሶው ሲዞር መለኪያውም አብሮ ይዞራል። ውጤቱን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ነፋሱ ከጀልባው አፍንጫ በስተቀኝ በ30 ዲግሪ ይምጣ፤ ምሰሶው ደግሞ ወደ ቀኝ በ40 ዲግሪ ይዙር። ጠቋሚው የሚያነበው ከምሰሶው አንጻር ስለሆነ ነፋሱን ከግራ በ10 ዲግሪ አድርጎ ያሳያል። ነፋሱ ከቀኝ እየመጣ ሳለ መሣሪያው ከግራ ነው ይላል። ጀልባው አቅጣጫውን ቀይሮ ነፋሱን በግራ ሲቀበል ምሰሶው በተቃራኒው ይዞራል፤ ስህተቱም አብሮ ይገለበጣል። ስለዚህ አንድ ቋሚ ቁጥር በመደመር የሚታረም አይደለም።

መፍትሔው ሁለተኛ መለኪያ ነው። የምሰሶው የዙረት ማዕዘን በየቅጽበቱ ተለክቶ ጠቋሚው ካነበበው ማዕዘን ጋር ይደመራል። በምሳሌው መሠረት ከግራ 10 ዲግሪ ማለት አሉታዊ 10 ነው፤ በእርሱ ላይ 40 ሲደመር 30 ይሆናል፣ ይኸውም ትክክለኛው መልስ ነው። የዙረቱን ማዕዘን ለመለካት የተለመደው ዘዴ በምሰሶው ሥር ከዙረቱ ጋር ዋጋው የሚለዋወጥ የኤሌክትሪክ ሴንሰር መግጠም ነው። ሌላው ዘዴ ሁለት ዲጂታል ኮምፓስ መጠቀም ነው፤ አንዱ በምሰሶው ጫፍ ከነፋስ መለኪያው ጋር፣ ሌላው በጀልባው አካል ላይ ይሆናል። የሁለቱ ንባብ ልዩነት ምሰሶው ምን ያህል እንደዞረ ይናገራል። በዚህ ዘዴ በማግኔታዊው ሰሜንና በእውነተኛው ሰሜን መካከል ያለው ልዩነት ችግር አይሆንም፤ በሁለቱም ኮምፓስ ላይ እኩል ስለሚገኝ በመቀናነስ ይጠፋልና።

ይህ እርማት የሚያስፈልገው ለማሳያው ሰሌዳ ብቻ አይደለም። የጀልባው ኮምፒውተር በጀልባው ላይ ሆኖ ከሚሰማው ነፋስ የጀልባውን የራሱን ፍጥነት ቀንሶ እውነተኛውን ነፋስ ያሰላል። የመጀመሪያው ማዕዘን ከተሳሳተ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ስሌት ሁሉ ይሳሳታል። ጀልባውን በነፋስ ማዕዘን የሚመራው አውቶፓይለትም በተሳሳተ መንገድ ይመራል።

ገመድ አልባ መሆኑ የሚሰጠውና የሚወስደው

ከምሰሶው ጫፍ እስከ ጀልባው ወለል የሚወርድ ገመድ ምሰሶው በዞረ ቁጥር ይጠመዘዛል። በምሰሶው ሥር በሚታጠፍበት ቦታም ቀስ በቀስ ይደክምና ይቆረጣል። ገመድ አልባው መለኪያ ይህን ያስቀራል። በአነስተኛ የፀሐይ ሰሌዳና ባትሪ ኃይሉን ያገኛል፣ ንባቡንም በሬዲዮ ሞገድ ይልካል።

ገመድ አልባነቱ ግን ሦስት ዋጋ ያስከፍላል። የመጀመሪያው ኃይል ነው። መሣሪያው ባትሪውን ለመቆጠብ ሲል ያለማቋረጥ ሳይሆን በየተወሰነ ቅጽበት ብቻ ይልካል። ሁለተኛው የሬዲዮው መንገድ ነው። የካርቦን ፋይበር ምሰሶ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ በመሆኑ በላኪውና በተቀባዩ መካከል ሲገባ ሞገዱን ይከልላል። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው የሞገድ ክልልም ከዋይፋይና ከብሉቱዝ ጋር የሚጋሩት ነው። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጊዜ ነው። የነፋሱ ማዕዘንና የምሰሶው ዙረት በአንድ ቅጽበት የተለኩ መሆን አለባቸው። ጀልባው አቅጣጫ ሲቀይር ምሰሶው በሰከንድ ክፍልፋይ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይወረወራል። በዚያ ቅጽበት አንደኛው ንባብ ከሌላው አንድ ሰከንድ ቢዘገይ፣ ድምሩ ያልነበረ ነፋስ ይፈጥራል።

ንባቦችን በማማከል ረገድም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 350 ዲግሪና 10 ዲግሪ ሁለቱም ለሰሜን የቀረቡ ናቸው። በተለመደው መንገድ ሲደመሩና ለሁለት ሲካፈሉ ግን 180 ይሰጣሉ፤ ይህም ደቡብ ነው። ስለዚህ ማዕዘኖች እንደ ተራ ቁጥር አይማከሉም። እያንዳንዱ ንባብ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ክፍሎቹ ተተንትኖ፣ ክፍሎቹ ከተማከሉ በኋላ መልሶ ማዕዘን ይወጣለታል።

የአዳማ ተርባይኖች

ኢትዮጵያ የባሕር ጀልባ የምትሠራ አገር አይደለችም፤ የሚዞር ምሰሶ ግን በብዛት አላት። በ2004 ዓ.ም. የተጠናቀቀው አዳማ አንድ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 34 ተርባይኖች ያሉት ሲሆን፣ በአጠቃላይ 51 ሜጋ ዋት ያመነጫል። በትግራይ በመቀሌ አቅራቢያ የሚገኘው አሸጎዳ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ሲመረቅ 84 ተርባይኖችና 120 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበረው። በግንቦት 2007 ዓ.ም. የተመረቀው አዳማ ሁለት ደግሞ 102 ተርባይኖችና 153 ሜጋ ዋት አቅም አለው። የሚያመነጩት ኃይል ወደ ብሔራዊው የኤሌክትሪክ መረብ ይገባል፤ የኮልፌ ቀራንዮ ቤቶችም ከዚያው መረብ ያበራሉ። ነፋሱ በአብዛኛው በደረቁ ወራት የሚበረታ በመሆኑ፣ የግድቦች ውኃ በሚቀንስበት ጊዜ የነፋስ ኃይል የሚደግፍ ምንጭ ነው።

የተርባይኑ ማማ ራሱ አይዞርም። የሚዞረው ከማማው ጫፍ ላይ የተቀመጠውና ጀኔሬተሩን የያዘው የተርባይኑ ራስ ነው። ነፋሱ አቅጣጫውን ሲቀይር ሞተሮች ራሱን አዙረው ክንፎቹን ፊት ለፊት ከነፋሱ ጋር ያገጣጥማሉ። ወዴት መዞር እንዳለበት የሚነግረው የነፋስ ጠቋሚ በዚሁ በሚዞረው ራስ ጀርባ ላይ ተተክሏል። የጀልባው ምሰሶ ጉዳይ በሌላ መልክ የተመለሰ ነው። መመሳሰሉ እስከ ገመዱም ይዘልቃል። ከጀኔሬተሩ በማማው ውስጥ የሚወርዱት ገመዶች ራሱ በዞረ ቁጥር ይጠመዘዛሉ። ስለዚህ የዙረት ቆጣሪ አለ፤ ጥምዘዛው ከተወሰነ በላይ ሲሆን ተርባይኑ ቆሞ ወደ ኋላ ዞሮ ገመዱን ይፈታል።

አንድ መሠረታዊ ልዩነት ግን አለ። የጀልባው መሪ ነፋሱ ከምሰሶው ሳይሆን ከጀልባው አንጻር የት እንዳለ ማወቅ ይፈልጋል። ተርባይኑ የሚፈልገው ነፋሱ ከራሱ አንጻር የት እንዳለ ብቻ ነው። ጠቋሚው ዜሮ እስኪያሳይ ድረስ ከዞረ ሥራው ተጠናቀቀ። ሰሜንን ማወቅ፣ ሁለተኛ መለኪያ መደመር አያሻውም። በጀልባው ላይ ችግር የነበረው ነገር በተርባይኑ ላይ ጥቅም ሆነ።

ነገር ግን አደጋው የሚደበቀው እዚሁ ላይ ነው። ጠቋሚው ሲተከል የዜሮ ምልክቱ ከተርባይኑ ዋና ዘንግ በ8 ዲግሪ ቢዛነፍ፣ ተርባይኑ ሁልጊዜ በታማኝነት ከነፋሱ 8 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ይቆማል። መቆጣጠሪያው ክፍል የተቀመጠው ባለሙያ ሰሌዳውን ሲያይ የሚያገኘው ዜሮ ነው። የተሳሳተው መሣሪያ ስለ ራሱ ስህተት የሚመሰክረው ራሱ ስለሆነ ምስክርነቱ ምንጊዜም ንጹሕ ይሆናል። ጠቋሚው ከክንፎቹ ጀርባ መተከሉም ጉዳዩን ያከብደዋል። የሚደርሰው ነፋስ ክንፎቹን አልፎ የመጣና በመሽከርከራቸው የተጠማዘዘ ነው። የጥምዘዛው መጠን ከክንፎቹ ፍጥነት ጋር ስለሚለዋወጥ፣ ዝንፈቱም በዝቅተኛና በከፍተኛ ነፋስ አንድ ላይሆን ይችላል።

የጥቂት ዲግሪዎች ዋጋ

የነፋስ ኃይል ከፍጥነቱ ሦስተኛ ደረጃ ጋር ይመጣጠናል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። ተርባይኑ ከነፋሱ ዘንበል ሲል የሚያጣው ኃይል በተለምዶ በማዕዘኑ ኮሳይን ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ መካከል ይገመታል። በዚህ ስሌት 5 ዲግሪ ዝንፈት 1 በመቶ ገደማ ያሳጣል። 10 ዲግሪ ከ3 እስከ 4.5 በመቶ፣ 20 ዲግሪ ደግሞ ከ12 እስከ 17 በመቶ ያሳጣል። ጉዳቱ ከማዕዘኑ ጋር እኩል አይጨምርም። ትንሽ ዝንፈት ምሕረት አለው፣ ትልቅ ዝንፈት የለውም።

ነገሩን ለማየት የአዳማ ሁለትን ቁጥር በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። 102ቱም ተርባይኖች በ10 ዲግሪ ቢዛነፉ፣ ነፋሱ ከሙሉ አቅም በታች በሚነፍስበት ሰዓት የሚጠፋው ኃይል ከ3 እስከ 5 ተርባይኖች ከሚያመነጩት ጋር እኩል ይሆናል። አንድም ተርባይን ሳይቆም፣ አንድም የማስጠንቀቂያ መብራት ሳይበራ ማለት ነው። ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ገደማ ስለሚያንስ፣ በደጋ የተተከለ ተርባይን ከመነሻው የሚያገኘው ኃይል ያነሰ ነው። በቸልታ የሚተወው ትርፍ የለውም።

ዝንፈትን ከመረጃ ውስጥ መፈለግ

መሣሪያው ስለ ራሱ የማይመሰክር ከሆነ ሌላ ምስክር ያስፈልጋል። አንዱ ምስክር በተርባይኑ አቅራቢያ መሬት ላይ የቆመ የማይዞር የመለኪያ ማማ ነው። ሌላው ሊዳር የሚባለው መሣሪያ ሲሆን፣ ከተርባይኑ ራስ ላይ ሆኖ የሌዘር ጨረር ወደ ፊት በመላክ ነፋሱ ክንፎቹን ከመንካቱ በፊት አቅጣጫውን ይለካል። ሁለቱም አስተማማኝ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ውድ ናቸው።

ሦስተኛው መንገድ አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም። የተርባይን መቆጣጠሪያ ሥርዓት የነፋስ ፍጥነትን፣ የጠቋሚውን ማዕዘንና የመነጨውን ኃይል በየጊዜው ይመዘግባል። ተርባይኑ ነፋሱን ተከትሎ ሲዞር ሁልጊዜ ጥቂት ስለሚዘገይ፣ በመዝገቡ ውስጥ ጠቋሚው ዜሮ ብቻ ሳይሆን አሉታዊና አዎንታዊ ማዕዘኖችን ያሳየባቸው ብዙ ቅጽበቶች ይገኛሉ። ተመሳሳይ ፍጥነት ያላቸው ንባቦች ተሰብስበው በማዕዘናቸው ሲመደቡ፣ ከፍተኛው ኃይል በየትኛው ማዕዘን ላይ እንደተገኘ ይታያል። ጠቋሚው ትክክል ከሆነ ከፍተኛው ኃይል በዜሮ ላይ ይሆናል። በ6 ዲግሪ ላይ ከተገኘ ጠቋሚው በ6 ዲግሪ ገደማ የተዛነፈ ለመሆኑ ጠንካራ ማስረጃ ነው። እርማቱም ክሬን ወይም መለዋወጫ አይጠይቅም፤ በመቆጣጠሪያው ፕሮግራም ውስጥ አንድ ቁጥር መቀየር ብዙ ጊዜ ይበቃል።

በጣሪያ ላይ ሊደረግ የሚችል ሙከራ

ይህን ለመረዳት አዳማ ድረስ መውጣት ወይም ባሕር መሻገር ግድ አይደለም። በኮልፌ ቀራንዮ በአንድ ጣሪያ ላይ በእጅ የሚዞር ቧንቧ ማቆም፣ በጫፉ የነፋስ ጠቋሚና ዲጂታል ኮምፓስ መግጠም፣ በማይዞረው መሠረቱ ላይ ሁለተኛ ኮምፓስ ማድረግ ይቻላል። ቧንቧው ሲዞር የታረመው ንባብ ባለበት ከጸና ሥርዓቱ ይሠራል፤ ከቧንቧው ጋር አብሮ ከዞረ እርማቱ ተሳስቷል። ፈተናው ግልጽ ነው፣ ውጤቱም ለማንም ይታያል።

ሙከራው የአካባቢውን ሁለት እንቅፋቶች ያጋልጣል። የመጀመሪያው ቆርቆሮ ነው። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ብረት በመሆኑ የኮምፓሱን ንባብ ያዛባል። ለጣሪያው የቀረበው ኮምፓስ ከጫፉ ኮምፓስ ይልቅ ስለሚዛባ፣ ስህተቱ እንደ ማግኔታዊው ሰሜን ልዩነት በመቀናነስ አይጠፋም። በጀልባ ላይ የሞተሩ ብረት የሚፈጥረው ችግር ይኸው ነው። በእንዲህ ዓይነት ቦታ ዙረቱን በኮምፓስ ከመገመት በዘንጉ ላይ በተገጠመ ሴንሰር በቀጥታ መለካት ይመረጣል። ሁለተኛው እንቅፋት የቤቶቹ ጥግግት ነው። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት መመሪያ የነፋስ መለኪያ በግልጥ ሜዳ ላይ በ10 ሜትር ከፍታ፣ ከማናቸውም ከለላ ደግሞ ቢያንስ የከለላውን ቁመት 10 እጥፍ ርቆ እንዲቆም ይመክራል። በተጠጋጋ ሠፈር ይህ አይገኝም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሙከራ የሠፈሩን የነፋስ ጠባይ ለማጥናት ሳይሆን የእርማቱን ዘዴ ለመፈተሽ ብቻ ይጠቅማል።

ማጠቃለያ

የነፋስ ጠቋሚ የሚነግረው የነፋሱን አቅጣጫ ሳይሆን በነፋሱና በቆመበት ነገር መካከል ያለውን ማዕዘን ነው። የቆመበት ነገር የማይዞር ከሆነ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ መትከል ይበቃል። የሚዞር ከሆነና መለኪያው ከሌላ አካል አንጻር የሚነበብ ከሆነ፣ እንደ ጀልባው፣ ዙረቱ በተመሳሳይ ቅጽበት መለካት አለበት። መለኪያው ራሱን ዙረቱን የሚመራ ከሆነ፣ እንደ ተርባይኑ፣ ዜሮው በሌላ ምስክር መረጋገጥ ይኖርበታል። የጀልባው ስህተት ቶሎ ይታያል፤ ጀልባው መንገዱን ይስታልና። የተርባይኑ ስህተት ግን ዝም ብሎ ለዓመታት ኃይል ይበላል። በአገሪቱ የነፋስ ማመንጫዎች በየዕለቱ የሚጠራቀመው መዝገብ ይህን ስህተት ለማግኘት የሚያስችል መረጃ የያዘ ነው። ለምህንድስና የድኅረ ምረቃ ተማሪም ከኮምፒውተርና ከትዕግሥት ሌላ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ የምርምር ርዕስ ይሆናል።